መብትና ማጀት

ሴት ከወንድ ጋራ ትተካከል ዘንድ ታላላቆች መንግሥታት እንደየልማዳቸው ደክመዋል። አሜሪካ የእያንዳንዱን ሰው መብት የምታስቀድም አገር ናትና፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የሴቶችን ድምፅ የመስጠት መብት አጸናች። ቻይና ግን ቤተ ሰብን የምታስቀድም ስለ ሆነች፥ በ1950 ባወጣችው የጋብቻ ሕግ ያለ ፈቃድ መዳርን፥ ዕቁባት ማስቀመጥንና ሕፃናትን ማጋባትን ከለከለች። ሁለቱም መልካም አደረጉ። ይሁን እንጂ ማን እንደሚፈጭና ማን ውኃ እንደሚቀዳ የሚቈርጠው ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው።

ይህ ልማድ ሊለወጥ እንደሚችል ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የደራ ወረዳ ከተማ የአንበሳሜ ጎረቤት በሆነው በፎገራ፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የአውራምባን ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም፤ ሴቲቱ ታርሳለች፥ ሸማም ትሠራለች፤ ወንዱም ጥጥ ይፈትላል፥ እንጀራ ይጋግራል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። እንግዲህ ሹሙ ሕግ ሲያስፈጽም፥ ካህኑም ሙሽሮችን ሲመክር ይህን ማሰብ ይገባቸዋል፤ ቀኑን ሁሉ ከማጀት የማትወጣ ሴት ወደ ሸንጎ የምትሄድበት ጊዜ ከሌላት፥ የተሰጣት መብት ከወረቀት አያልፍም።