አጥር የሚነቅል ባለመሬት 42 ቀን ይጠብቃል

አጥር ለገበሬ ከብት መመለሻ ብቻ አይደለም። ነፋስ ይመክታል፤ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ይይዛል፤ ለወፉና ለንቡም መጠለያ ነው። በአገራችን በቅንጭብና በቁልቋል አጥር መካከል ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። አጥር ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለመነቀል ግን አንድ ማለዳ ይበቃዋል። ታዲያ በዚያች ማለዳ የሚታደገው ማን ነው? የእንግሊዝ አገር ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ እንመልከት።

የእንግሊዝ ገጠር የተክል አጥር ታሪክ ለድሃው ገበሬ መራራ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ባለመሬቶች የሞሉበት ፓርላማ ባወጣቸው ሕጎች፣ ድሃው ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የጋራ መሬት እየተከፋፈለ በእሾሃማ ቁጥቋጦ ታጠረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትራክተር ሰፊ ማሳ ስለሚሻ፣ መንግሥት ራሱ ድጎማ እየሰጠ ብዙው አጥር ተመነጠረ።

ሕጉ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጸናው ደንብ፣ በእርሻ መሬት ላይ 20 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም አጥር ለመንቀል የሚሻ ባለመሬት አስቀድሞ ለአካባቢው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። የመኖሪያ ቤት ግቢ አጥር በዚህ አይጠቃለልም። አስተዳደሩ ጉዳዩን የሚመረምርበት 42 ቀን አለው። አጥሩ 30 ዓመት የሞላውና በታሪኩ ወይም በያዘው ዕፅዋትና እንስሳት የላቀ ሆኖ ካገኘው ይከለክላል። በቀኑ መልስ ካልሰጠ ግን ባለመሬቱ መንቀል ይችላል። ሳያስታውቅ የነቀለ በገንዘብ ይቀጣል፤ መልሶ እንዲተክልም ሊታዘዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ የጸናው ሌላ ደንብ ደግሞ ስለ እንክብካቤው ይደነግጋል። ልዩ ምክንያት ካልኖረ በቀር፣ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31፣ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት፣ የእርሻ አጥር አይከረከምም። ከ2 ሄክታር በሚበልጥ ማሳም ከአጥሩ መካከል እስከ 2 ሜትር ድረስ ማረስና ፀረ ተባይ መርጨት ክልክል ነው።

በዚህ ሕግ ሁለት ቁም ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ትናንት የድሃውን መሰማሪያ የዘጋ አጥር ዛሬ ከባለመሬቱ መጥረቢያ የሚጠበቅ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ 42ቱ ቀን ባለመሬቱን ብቻ ሳይሆን ሹሙንም ማሰራቸው ነው። ማመልከቻው በጠረጴዛው ላይ አቧራ ከጠጣ፣ አጥሩን ያስነቀለው እርሱ ነው። ሕግም ራሱ አጥር ነውና፣ ጠባቂው ሲያንቀላፋ ከብቱ ሰብል ውስጥ ይገባል።