ስሙ ብዙ፣ ጌታው አንድ

ነፃ ውድድር ክምችትን፣ ክምችትም ሞኖፖልን እንደሚወልድ ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1916 አስረድቷል። የከበርቴው ሥርዓት ጠበቆች ግን ውድድር የሸማቹ ጋሻ ነው ሲሉ ዛሬም ይሰብካሉ። የአሜሪካ የቤት ማሞቂያ ተከላ ሥራ የዚህን ስብከት ባዶነት ያጋልጣል።

ብርዱ በሚበረታባቸው የዚያ አገር ከተሞች ማሞቂያ የሚተክሉትና የሚጠግኑት በአብዛኛው አነስተኛ የሰፈር ድርጅቶች ነበሩ። በ1990ዎቹ ካፒታል እነዚህን እየገዛ ይጠቀልል ጀመር። በ1996 አክሲዮኑን ለገበያ ያቀረበው ሰርቪስ ኤክስፐርትስ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በ2000 ማሞቂያ አምራቹ ሌኖክስ ኩባንያውን ገዛው፤ በዚህም ምርቱን ከሚገዙት ተካዮች ጋር ተፎካካሪ ሆነ። በ2013 መልሶ ሸጠው።

ጥቅለላው ግን በዚህ አላበቃም። ዛሬ ዋነኞቹ ገዢዎች የኢንቨስትመንት ፈንዶች ናቸው። በተከላ ሥራ ውስጥ የሚገዛ ታላቅ ፋብሪካ የለም፤ የሚገዛው የሠራተኛው ሙያና የሰፈሩ ሕዝብ በእርሱ ላይ የጣለው አመኔታ ነው። ስለዚህም ብዙ ጊዜ የቀድሞው ድርጅት ስም በመኪናው ላይ እንደተጻፈ ይቀራል፤ ጌታው ብቻ ይለወጣል። ሸማቹ ሦስት ስም አወዳድሮ መረጥሁ ሲል፣ ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ ካዝና ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። ያልተደራጀ ሠራተኛ ከድርጅቱ ዕቃ ጋር አብሮ ይሸጣል። የተደራጀው ግን የሚነገድበት አመኔታ የላቡ ፍሬ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ጌታው በተለወጠ ቁጥር መብቱን በማኅበሩ ክንድ ያስከብራል።