የቤተሰብዎ ፎቶዎች የት ያድራሉ?

ስልክዎን ያውጡና ፎቶዎችዎን ወደ ኋላ እየመለሱ ይመልከቱ። የልጅዎ ክርስትና፣ የወንድምዎ ሰርግ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያት በመስቀል ዋዜማ ደመራው አጠገብ ቆመው ሲመርቁ የተቀረጸው የ40 ሰከንድ ቪዲዮ። ይህ ስልክ ዛሬ ማታ ታክሲ ውስጥ ቢቀር ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፍዎታል? አብዛኞቻችን «ኦንላይን ተቀምጧል» ብለን እንገላገላለን። በየትኛው አካውንት፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ነፃ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ነፃው የሚያበቃበትን ቀን ነው። ደንበኛው እስኪለምድ ይሰጣል፤ ከለመደ በኋላ ይከፈልበታል። ክፋት አይደለም፣ ንግድ ነው። ጉግል ፎቶስ ለዓመታት ፎቶ ያለገደብ በነፃ ሲያስቀምጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ጀምሮ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከ15 ጊጋባይቱ ላይ እንዲቆጠር አድርጓል። ያ 15 ጊጋባይት ደግሞ ኢሜይልዎም የሚኖርበት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 5 ሺህ ፎቶ ይሞላዋል፤ ቪዲዮ ከተጨመረበት ገና ልጁ ሳይራመድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም በየኪሱ የለም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል የጉግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰረዝ እንደሚችል የሚደነግገው ደንብ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ይለፍ ቃላቸውን ለማንም ሳይነግሩ ያረፉ ወላጅን አስቡት።

የቤት ሰርቨር ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ሐሳብ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ተራ ነው። ሳይጠፋ የሚሠራ፣ የቤተሰቡ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ የሚያገኙት አንድ ኮምፒውተር ማለት ነው። ጓዳ ብለው ቢጠሩት አይሳሳቱም፤ ሁሉም የየራሱን ያስቀምጥበታል፣ ሁሉም የሚያስፈልገውን ያወጣበታል። ፎቶ ከስልክዎ ወደ ሰርቨሩ ሲሄድ ከቤትዎ አይወጣም፤ በመካከሉ ያለው ራውተርዎ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፣ ጥቅልዎንም አይበላም።

አዲስ ዕቃ ሳይገዙ ይጀምሩ። ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ለሥራ የዘገየ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ካለ ለመማሪያ ከእሱ የሚሻል የለም። የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አይደናገጥም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ የሚኖር ያረጀ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። የላፕቶፑ ሆድ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነፋ ባትሪውን በባለሙያ ያስወጡት፤ «ትንሽ ይቆይ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ጥቂት ወራት ሠርተውበት ከወደዱት ቀጣዩ ደረጃ ቢሮዎች የሚጠቀሙባቸው መጽሐፍ የሚያህሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒና የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ዓይነቶቹ ያገለገሉት በኮምፒውተር ሱቆች ይገኛሉ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ ብዙ ያወራዎታል፤ ያውራ። ለፎቶና ለፊልም የሚያስፈልገው ጉልበት ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ጠረጴዛ ሥር የሚቆመውን ትልቁን ኮምፒውተር ግን ተው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሥራ ሳይበዛበት እንኳ 70 ዋት ያህል ሊስብ ይችላል። ትንሹ በ12 ዋት አካባቢ ይኖራል። ሌት ተቀን ሲበራ የትንሹ የወር ፍጆታ 9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ 3 ሺህ 500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚጨርሰውን ማለት ነው። የትልቁ ፍጆታ ግን ምጣዱ 14 ሰዓት ከሚፈጀው ይበልጣል።

ገንዘብዎን ማውጣት ያለብዎት ዲስኩ ላይ ነው። የኮምፒውተሩን ሥርዓት (ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ በነፃ ይገኛል) ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ይጫኑ፤ ፎቶዎቹን ለብቻው ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ያድርጉ። አንድ ቴራባይት በ3 ሜጋባይት ሲሰላ ከ300 ሺህ በላይ ፎቶ ይይዛል። ያገለገለ ዲስክ ከገዙ ደግሞ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የሠራበትን ሰዓት እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ዲስክ የሠራበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አውጥቶ ያሳያል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 40 ሺህ የሚል ካዩ ያ ዲስክ አራት ዓመት ተኩል ያለ ዕረፍት ዞሯል ማለት ነው፤ «እንደ አዲስ ነው» ቢሉዎትም አመስግነው ይሂዱ። ፍላሽ ላይ የልጅ ፎቶ ማስቀመጥ የሚባለውንም እርሱት።

መብራት

ውጭ አገር ስለ ቤት ሰርቨር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው መብራት የማይጠፋበት ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ማሻሻያ ፈጣን ማሽን ሳይሆን ዩፒኤስ ነው። ኮምፒውተር እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ቢል የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፋይሎቹ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ከመጥፋቱ ይልቅ አመጣጡ የሚከፋበት ጊዜም አለ። መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል ለፍሪጁ ስታብላይዘር የገዛ ቤተሰብ ለፎቶዎቹም ሊያስብ ይገባል።

ዩፒኤስ ሲመርጡ የዩኤስቢ ኬብል ማስገቢያ እንዳለው ይዩ። በዚያ ኬብል ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ «ባትሪዬ እያለቀ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ሰርቨሩም በሥርዓቱ ራሱን ይዘጋል። እርስዎ ሥራ ቦታ ሆነው ቤት ማንም በሌለበት የሚጠቅመው ይህ ነው። ሲመለስስ? በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አንዴ ካበሩት በቂ ነው። ለራውተሩ ደግሞ 12 ቮልት የሚሰጡ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ። እነዚህ ብዙም ቦታ አይዙም፣ ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋም ልጆቹ ከሰርቨሩ ፊልማቸውን በታብሌት ይጨርሳሉ።

ቦታውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ አይክተቱት፣ ፍሪጅ ላይ አይስቀሉት፣ መጋረጃ ሥር አይደብቁት። አየር ያግኝ፣ አቧራው በየወሩ ይጠረግለት። ባለቤቴ «ይህ የሚያጉረመርም ሣጥን ከሳሎን የሚወጣው መቼ ነው?» ሲለኝ ከረመና ኮሪደሩ ላይ ካለው የጫማ መደርደሪያ አናት ላይ ተስማማን።

አንድ ብቻ ያለው ነገር

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሰርቨር ሠርተው ፎቶዎቹን ሁሉ እዚያ ሰብስበው ከስልክዎ ቢያጠፉ፣ ያደረጉት ነገር አደጋውን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ይሞታል። አንዳንዱ በሁለት ዓመቱ፣ አንዳንዱ በአሥር ዓመቱ፤ ቀኑን ቀድሞ አይናገርም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ዲስክ ገዝቶ አንዱ የሌላው መስተዋት እንዲሆን ያደርጋል፤ በቴክኒክ ቋንቋ ሬይድ ይባላል። ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ግን መስተዋት የፊቱን ሁሉ ያሳያል። የአምስት ዓመቱ ልጅዎ ታብሌቱን ሲነካካ አንድ ሙሉ የፎቶ ማኅደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስክ በአንዴ ይጠፋል። ሌባ ሣጥኑን ተሸክሞ ቢሄድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው ቀላል ስሌት አለ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። የማንኛውም ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር። በእኛ ኑሮ ይህ ከባድ አይደለም። አንዱ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ ሌሊት ራሱ በሚገለብጥ ሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ ይህኛው የቆየውን ቅጂም ይዞ የሚያቆይ ይሁን፣ የዛሬ ስህተት የትናንቱን እንዳያጠፋ። ሦስተኛው አያቶች ቤት ነው። መቼም በወር አንድ እሑድ ለምሳ ትሄዱ የለ? አንዱን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ትታችሁ፣ ያለፈውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ዲስኩን ይለፍ ቃል አድርገው ይቆልፉት፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ የቤታችሁ ገመና ሰው እጅ እንዳይገባ። እናቴ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላ ከጌጣጌጧ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ምን እንደያዘ ስነግራት ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት።

ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ምርጫው በአዲስ ኮምፒውተርና በሁለተኛ ዲስክ መካከል ከሆነ፣ ዲስኩን ይግዙ።

ምን ይጫንበታል?

ለፎቶ ኢሚች የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እመክራለሁ። ስልክዎ ላይ አፑን ይጭናሉ፤ ቤት ገብተው ዋይፋይ ሲይዝ የቀኑን ፎቶዎች ራሱ ያስገባል። ፊት ለይቶ የአክስትዎን ፎቶዎች አንድ ላይ ይሰበስብልዎታል፤ ይህንንም የሚሠራው እርስዎ ቤት ባለው ማሽን ላይ ነው፣ የልጅዎ ፊት ወደ ሌላ ኩባንያ አይላክም። የድሮ ፎቶዎችዎን መጀመሪያ ሲያስገቡ ግን ለቀናት ሊፈጅበት ይችላል፤ ይታገሡት። ጄሊፊን ፊልሞችዎን ወደ ቴሌቪዥኑ ያመጣል። ልጆች ላሏቸው ደግሞ ኪዊክስን አልዘልም፤ ዊኪፒዲያን ሙሉውን አውርደው ያለ ኢንተርኔት እንዲያነቡ ያደርጋል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፣ አማርኛው በጣም ትንሽ ነው። የቤት ሥራ ለመሥራት የገባ ልጅ ማስታወቂያ ሳያገኘው፣ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ሳይንሸራተት ጨርሶ ይወጣል።

ውጭ ያሉ ዘመዶችም ፎቶዎቹን ማየት ይፈልጋሉ። ዋሽንግተን ያለችው እህትዎ እንድትገባ ብለው የራውተሩን በር ለዓለም ሁሉ አይክፈቱ። በዋየርጋርድ ላይ የተሠሩ እንደ ቴልስኬል ያሉ አገልግሎቶች የፈቀዱላቸውን ስልኮች ብቻ በተቆለፈ መንገድ ያገናኛሉ፤ የቤት መስመርዎ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ ባይኖረውም ይሠራሉ። ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው ፍጥነት ውስን ስለሆነ ፎቶው ቶሎ ይደርሳል፣ የሰርጉ ቪዲዮ ግን ያስጠብቃታል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ወረቀት ነው። ሰርቨሩን የሠራው ሰው አንድ ቀን ቢታመም ወይም ረጅም መንገድ ቢሄድ የቀረው ቤተሰብ በተቆለፈ ሣጥን ፊት ይቆማል፤ ያኔ ከጉግል አካውንቱ በምን ተሻለ? አንድ ደብተር ይግዙ። ይለፍ ቃሎቹን፣ የትኛው ዲስክ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ ይጻፉበት። ከልደት ካርዶቹና ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት። ከዚያ በአንድ የዕረፍት ቀን ደብተሩን ለባለቤትዎ ይስጡና እርስዎ ምንም ሳይናገሩ አንድ ፎቶ ከሁለተኛው ዲስክ ላይ አውጥተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የቆሙበት ቦታ ካለ እዚያው ደብተሩ ላይ ይጨመር። በእኛ ቤት ባለቤቴ 20 ደቂቃ ፈጅቶበት የልጃችንን የመጀመሪያ ልደት ፎቶ አወጣ፤ ሲጨርስም ኬብሉን ከዲስኩ ጋር በላስቲክ አስሮ መለሰው።