የልብ ጡንቻ ምስክርነት በደም ውስጥ

በአፍአ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ሰው ደረቱን ጨምድዶ ይዞ ሐኪም ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ሐኪሙ የልቡን ትርታ በኢሲጂ ካስነሣ በኋላ ከክንዱ ጥቂት ደም የሚያስቀዳው፣ ትሮፖኒን የሚባለውን ፕሮቲን ለመፈለግ ነው። ጃፓናዊው ሊቅ ሴትሱሮ ኤባሺ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኘው ይህ ንጥረ ነገር፣ በጤና ጊዜ በጡንቻ ውስጥ ተሠውሮ መኮማተሩንና መፍታታቱን ሲያዝ ይኖራል፤ ልብን የሚመግበው የደም ሥር ተደፍኖ ጡንቻው መሞት ሲጀምር ግን፣ ግድግዳው እንደ ፈረሰ ጎተራ እህል ወደ ደም ይፈስሳል። ሆኖም በደም ውስጥ እስኪገለጥ ጥቂት ሰዓታት ስለሚፈልግ፣ የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ሐኪሙ በሽተኛውን አቆይቶ ዳግመኛ ያስመረምረዋል፤ አስታማሚው «አንድ ጊዜ ተቀድቶ የለም ወይ?» እያለ የሚያጉረመርመው በዚህ ሰዓት ነው። የቁጥሩ ከፍ ማለት ብቻውንም ፍርድ አይሆንም፤ የኩላሊት ድካም ወይም የልብ ጡንቻ መቆጣትም ከፍ ሊያደርገው ይችላልና፣ ዋናው ነገር መውጣት መውረዱ ነው።

እንደ ትሮፖኒን ሁሉ በደም የሚለካው ኮሌስትሮል ግን በልብ ላይ የሆነውን ሳይሆን ሊመጣ የሚችለውን ያመለክታል፤ ኤልዲኤል የተባለው ክፍሉ ለዓመታት በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጠራቀማልና። ለዚህ ምርመራ ቀድሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት መጾም እንደ ሕግ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ የበዛበት ካልሆነ በቀር፣ ብዙ ሐኪሞች ቁርሱን በልቶ የመጣውንም አይመልሱም።