የቫንዳሎች መንግሥት፤ የፈረሰው ቅጽርና የጠፋው መዝገብ

በአውሮፓ ቋንቋዎች የሰውን ንብረት በከንቱ የሚያፈርስ ሰው «ቫንዳል» ተብሎ ይሰደባል። ይህን ስድብ ያስፋፋው በ1794 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አብዮት በሐውልትና በመጻሕፍት ላይ የደረሰውን ጥፋት የነቀፈው ጳጳስ ግሬጎዋር ነው። እውነተኞቹ ቫንዳሎች ግን በሰሜን አፍሪካ መቶ ዓመት ያህል ግብር እየሰበሰቡና መርከብ እያሰማሩ የገዙ ሕዝብ ስለ ሆኑ፣ ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ ታሪካቸው ከስድቡ ይልቅ ይጠቅማል።

ቫንዳሎች ከጀርመን ነገዶች አንዱ ናቸው። በ406 መጨረሻ የራይንን ወንዝ ተሻግረው፣ በ409 እስፓኝ ገቡ። በ429 ንጉሣቸው ጋይሴሪክ ሕዝቡን ከነሽማግሌውና ከነሕፃኑ በመርከብ ወደ አፍሪካ አሻገረ። ሠራዊቱ 80,000 መስሎ እንዲታይ 80 የሻለቃ ሹሞች ሾመ እንጂ የጦረኛው ቁጥር ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር። በ439 ዛሬ የቱኒስ ከተማ ባለችበት አጠገብ የነበረችውን ካርታጎን በድንገት ያዘ።

የሮማ ከተማ ስንዴና ዘይት በብዛት ከዚያ ወደብ ይጫን ነበርና፣ ካርታጎን የያዘ የሮማን ጉሮሮ ያዘ። ስለዚህም ንጉሠ ነገሥት ቫለንቲኒያኖስ 3ኛ በ442 ውል ተዋውሎ ግዛቱን አጸናለት። በ455 ቫለንቲኒያኖስ በተገደለ ጊዜ ጋይሴሪክ ውሉ ከሟቹ ጋር አብሮ እንደ ሞተ ቈጥሮ ሮማ ገባና በ14 ቀን ሀብቷን አጋዘ። በሊቀ ጳጳሳት ልዮን ልመና ግን ከቃጠሎና ከግድያ ተከለከለ ይባላል። በ468 ከቁስጥንጥንያ 1,100 ያህል መርከቦች በመጡበት ጊዜ የአምስት ቀን ዕርቅ ለምኖ ነፋሱ እስኪዞርለት ጠበቀ፤ ከዚያም ሰው የሌለባቸውን ጀልባዎች በእሳት አቀጣጥሎ በተከማቹት መርከቦች ላይ ለቀቀባቸው።

በባሕር እንዲህ ያለ ብልህ ሰው በየብስ ያደረገውን የነገረን ፕሮኮፒዮስ ነው። ይህ ጸሐፊ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ሐር ከሕንዶች እየገዙ እንዲሸጡለት መጠየቁን፣ የፋርስ ነጋዴዎችም ጭነቱን በየወደቡ ቀድመው እየገዙ ነገሩን ማሰናከላቸውን የጻፈ እርሱ ነው። እንደ እርሱ ጽሑፍ ጋይሴሪክ ለሙን መሬት ለቫንዳሎች ከግብር ነጻ አድርጎ ሰጠ። ጠፉን መሬት ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ትቶ፣ ምንም እስከማይተርፋቸው ድረስ ግብር ጫነበት። ሮማውያን ያዘጋጁትን የግብር መዝገብም አጠፋ። የአገሩ ሰው መሽጎ እንዳያምፅ ብሎ ከካርታጎ በቀር የከተሞቹን ቅጽር ሁሉ አፈረሰ። ይህ ምክር በጊዜው ተመሰገነ፤ ኋላ ግን መሣቂያ ሆነ ይላል ፕሮኮፒዮስ።

ሆኖም የሕዝቡ ሥራ አልተቋረጠም። በ1928 በአልጄሪያና በቱኒዚያ ወሰን አጠገብ 45 የእንጨት ጽላቶች ተገኝተዋል። ከ493 እስከ 496፣ በንጉሥ ጉንታሙንድ ዘመን በላቲን የተጻፉ ውሎች ሲሆኑ፣ የሚበዙት የመሬትና የወይራ ዛፍ ሽያጭ ናቸው። አጥፊ በተባለ መንግሥት ሥር ገበሬው ጥቂት የወይራ ዛፎቹን በሮማ ሕግ ልማድ በውል ሲሸጥ ማየት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ የጦርነት ወሬ የበለጠ ያስተምራል።

በ530 ጌሊሜር ዘመዱን ንጉሥ ሂልደሪክን ሽሮ ነገሠ። ዩስቲኒያኖስም ይህን ምክንያት አድርጎ በ533 የጦር አለቃውን ቤሊሳርዮስን በ500 መርከብና በ15,000 ወታደር ላከው። የጠላት መርከቦች የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረምና፣ አብሮ የዘመተው ፕሮኮፒዮስ በሲሲሊያ ወደምትገኘው ወደ ሲራኩሳ ወረደ። በዚያም የሕፃንነት ወዳጁን፣ አንድ የመርከብ ነጋዴ፣ አገኘ። የነጋዴው አገልጋይ ከካርታጎ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነበር፤ ጌሊሜር ምንም እንዳልጠረጠረ፣ ምርጥ ጦሩም ወደ ሰርዴኛ ደሴት እንደ ዘመተ ነገረው። ፕሮኮፒዮስም ሰውዬውን ይዞ በመርከብ ሄደ።

ቤሊሳርዮስ ከባሕር በወረደ ጊዜ የሚከለክለው ቅጽር ያለው ከተማ በመንገዱ አላጋጠመውም። የካርታጎም ቅጽር ሳይጠገን ኖሮ ፈራርሶ ነበር። ጌሊሜር ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ወደ ተራራ ሸሸ፤ ከበባው ሲጠናበትም ከከበበው አለቃ አንድ ዳቦ፣ ለታመመ ዓይኑ ስፖንጅ፣ መከራውን የሚያዜምበት በገና ለመነ። በ534 እጁን ሰጠ።

ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ተፈለገ። አልተገኘም። ዩስቲኒያኖስ ግብሩን እንደ አዲስ የሚተምኑ ትሪፎንና ኤውስትራቲዮስ የተባሉ ሁለት ሹሞች ቢልክ፣ ሕዝቡ ግብሩ ከበደብን ብሎ አጉረመረመ። የቫንዳል ሴቶች ያገቡት ወታደሮች ደግሞ የሚስቶቻችን መሬት ይገባናል ሲሉ፣ አገረ ገዢው ሰሎሞን መሬቱ የመንግሥት ነው ብሎ ከለከላቸው። ከወታደሮቹም መካከል እንደ ቫንዳሎች የአርዮስን ሃይማኖት የሚከተሉ ነበሩና በሥርዓተ አምልኮ ክልከላው ተቈጥተው ነበር። በ536 በፋሲካ ሰሞን ሠራዊቱ ዐመፀ፤ ካርታጎም በገዛ ወታደሮቿ ተዘረፈች። ሰሎሞንና ፕሮኮፒዮስ በጀልባ አምልጠው፣ ቤሊሳርዮስ ወደ ነበረበት ወደ ሲራኩሳ ተሻገሩ።