ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት
በሐዋሳ ለሥራ የሚገዛ ኮምፒውተር ይገጣጠም ወይስ ጌሚንግ ላፕቶፕ ይሁን?

ዕቁብ የወጣለት የሐዋሳ ቪዲዮ አቀናባሪ ገንዘቡን ይዞ ገበያ ሲወጣ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው። በዚያው ገንዘብ ዕቃው በየዓይነቱ ተመርጦ የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ይግዛ ወይስ ተዘጋጅቶ የመጣ ጌሚንግ ላፕቶፕ? ጥር ገብቶ ሠርግ ሲደራረብ የቀረጸውን በቀጠሮው ቀን ጨርሶ ማስረከብ ያልቻለ ስቱዲዮ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። ስለዚህ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም፤ የእንጀራ ነው።

“ጌሚንግ” የሚለው ስም ብዙ ነጋዴ ያሳስታል። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራው ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም፣ የሕንፃ ንድፍ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየውም፣ ትልልቅ የማስታወቂያ ምስሎችን የሚያፈጥነውም ያው ካርድ ነው። በሐዋሳ ደግሞ ይህን መሰሉን ማሽን የሚፈልግ አይጠፋም። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። የምሕንድስና ተማሪዎችን የሚያፈራ ዩኒቨርሲቲ አላት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። በእነዚህ ዙሪያ ፎቶ ቤቱ፣ ኅትመት ቤቱ፣ የንድፍ ቢሮውና ጌም ቤቱ ይሠራሉ።

የምንዛሪው ዱላ

የግራፊክስ ካርድ ዋጋ በዶላር ተወስኖ የሚመጣ ነው። ኢንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አርቲኤክስ 4060 የተሰኘውን ካርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ሲያቀርብ የቆረጠለት ዋጋ 299 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ባነሰ ይመነዘር ስለነበር የካርዱ መነሻ ዋጋ ከ17 ሺህ ብር አይበልጥም ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን ዶላሩ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። ያው 299 ዶላር በ120 ብር ሲሰላ 35,880 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወራት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የራም ምርቱን ስለተሻሙበት ዋጋው በዓለም ገበያ አሻቀበ። ከታላላቆቹ ራም አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ።

የዚህ ሁሉ ትርጉም ግልጽ ነው። ቀድሞ በጥቂት ሺህ ብር የሚታረም የምርጫ ስሕተት ዛሬ የአንድ ወቅት ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ዕቃዎች

ለመሆኑ ገዢው የት ላይ ነው የሚሳሳተው? ብዙውን ጊዜ ስም ላይ ነው። በዴስክቶፕ ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በላፕቶፕ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አንድ ስለሆነ ዕቃውም አንድ ይመስለዋል። አይደለም።

አርቲኤክስ 4070 በዴስክቶፕ 12 ጊጋ ባይት የራሱ ማስታወሻ አለው፤ በላፕቶፕ 8 ብቻ ነው። አርቲኤክስ 4090 በዴስክቶፕ 24 ጊጋ ባይት ይዞ እስከ 450 ዋት ይበላል፤ የላፕቶፑ 16 ጊጋ ባይት ሆኖ በኩባንያው መግለጫ ከ80 እስከ 150 ዋት የተመደበለት ነው። ረጅም ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ለሚያቀናብር ሰው ይህ ልዩነት የሰዓታት ልዩነት ነው።

4060 ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። በዴስክቶፕም በላፕቶፕም 8 ጊጋ ባይት ነው። የዴስክቶፑ 115 ዋት ነው። የላፕቶፑ ግን እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ተለጣፊ ይዘው ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንዱ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥ፣ ሌላው ቀጭንና ቀላል እንዲሆን ተብሎ ጉልበቱ የተቀነሰበት ሊሆን ይችላል። ገዢው “ካርዱ ምንድን ነው?” ብሎ ብቻ ከጠየቀ መልሱ እውነት ነው፤ ግን አይጠቅመውም። “ስንት ዋት ተፈቅዶለታል?” ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ የሚገኘው ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከላፕቶፑ ሙሉ የሞዴል ቁጥር ነው።

ስሊሙ ላይ የሚጨመር ካርድ

ሌላው የገበያው ወጥመድ ከውጭ ድርጅቶች ተሰብስቦ የሚመጣው ያገለገለ ስሊም ዴስክቶፕ ነው። ዋጋው ቀለል ያለ፣ አሠራሩም ጠንካራ ነው። ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ “ይሄንን ገዝቼ በኋላ ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ” የሚል ሐሳብ ሲመጣ ነው።

ስሊሙ ቁመተ አጭር ካርድ እንጂ ትልቁን አይቀበልም። ፓወር ሰፕላዩ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ለካርዱ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ ብዙውን ጊዜ የለውም። ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ የሚገኘው ኃይል ደግሞ ከ75 ዋት አያልፍም። ስለዚህ የሚገቡለት እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉ አነስተኛ ካርዶች ናቸው፤ እነሱም ቁመታቸው አጭር ሆኖ የተሠሩት ብቻ። ከዚያ በላይ ያሰበ ሰው ስሊሙን መሸጥ ይኖርበታል።

ስሊም የሚያከማች ነጋዴም የራሱ ሥጋት አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን በመጋዘን የቆለለ ነጋዴ በየወሩ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ይዟል ማለት ነው።

በየዓይነቱ ገዝቶ የሚያስገጣጥምም ቢሆን የራሙን ነገር አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ዲዲአር 4 የተባለው ራም ለዲዲአር 5 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ኢንቴል ከ12ኛ እስከ 14ኛ ጀነሬሽን ያሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በሁለቱም ዓይነት ቦርድ ላይ ይሠራሉ። በመሆኑም ፕሮሰሰሩን አይቶ ራሙን መገመት አይቻልም፤ የቦርዱን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

መብራትና መንገድ

በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይጻፉ ሁለት ወጪዎች አሉ፤ መብራትና መንገድ። መብራት ሲቋረጥ ዴስክቶፑ በሥራ መሀል ድርግም ይላል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ቢያንስ ሥራውን ለማስቀመጥ ፋታ ይሰጣል። ሆኖም ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ጉልበቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ ማወቅ ይገባል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሙሉ ሥራ ይሠራበታል ብሎ የገዛ ሰው ያዝናል።

ዴስክቶፕ የመረጠ ሰው ዩፒኤሱን ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ማስገባት አለበት። እዚህም ላይ ቁጥር ያታልላል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ 650 ዋት ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ትክክለኛው ዋት ከዚያ ያነሰ ሆኖ ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል። አገልግሎቱም ሥራውን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ውሎ ለመሥራት አይደለም።

መንገዱን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መርካቶ የተገዛ ዕቃ ቢበላሽና ዋስትናው የሚከበረው እዚያው ከሆነ፣ ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ነው። ገዢው መጓጓዣውንና የሚባክነውን የሥራ ቀን ካልደመረ፣ አዲስ አበባ ረከሰልኝ ያለው ዕቃ ሐዋሳ ሲደርስ የረከሰ ላይሆን ይችላል። የተገጣጠመ ዴስክቶፕ በመኪና ሲላክም ከባዱን ግራፊክስ ካርድ ነቅሎ ለብቻው በካርቶኑ ማሸግ ይበጃል፤ አለዚያ የመንገዱ ንዝረት መሰኪያውን ይሰብረዋል።

ሲሸጥ ማን ይከፍላል?

ነጋዴ ሲገዛ መሸጫውን ያስባል። ላፕቶፕ በቦርሳ ተይዞ ከደላላ ወደ ደላላ ስለሚዞር ቶሎ ይሸጣል። ተማሪውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ገዢው ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። ቦርዱ ከተቃጠለ የቀረው ስክሪን፣ ራምና ኤስኤስዲ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ሄዷል።

ዴስክቶፕ በጅምላ ሲቀርብ ገዢው ጥቂት ነው። ተፈትቶ ሲሸጥ ግን ካርዱ ለብቻው፣ ራሙ ለብቻው፣ ስክሪኑም ለብቻው ገዢ አለው። ካርዱ ቢቃጠል የሚለወጠው ካርዱ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ሌላው እንዳለ ሆኖ አንዱን ብቻ ማሻሻል ይቻላል። ምንዛሪ በሚዋዥቅበት ዘመን ሙሉ ማሽን ከመለወጥ አንድ ዕቃ መለወጥ የሚቀልል መሆኑ አያከራክርም።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ብቻ አይመን። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲለውጥ፣ ቀን ከሌት ሲሠሩለት የነበሩ በርካታ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። አሮጌ ካርድ በአዲስ ስም አስመስሎ መሸጥም የታወቀ ማጭበርበር ነው። ጂፒዩ ዜድ የተሰኘው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን ማንነት ያነባል፤ የተጭበረበረ መሆኑን ሲደርስበትም ከስሙ ፊት ምልክት ያደርጋል።

ካርዱን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ ወጥሮ ሙቀቱንና የማራገቢያውን ድምፅ መከታተል ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ከፍቶ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ማነጻጸር ነው። ቻርጀሩም ዋናው ይሁን። ዋቱ ያነሰ ቻርጀር የተሰጠው ጌሚንግ ላፕቶፕ ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም። ሻጩ ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ካልፈቀደ፣ እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

እንግዲህ ሥራው በአንድ ቤት ተቀምጦ የሚሠራ፣ ቪዲዮም ሆነ ንድፍ ቀኑን ሙሉ የሚያመርት ሰው፣ ዩፒኤሱን ጨምሮ ዴስክቶፕ ማስገጣጠሙ ያዋጣዋል። ከሠርግ ቤት ወደ ሠርግ ቤት፣ ከሳይት ወደ ሳይት የሚዞር ደግሞ ላፕቶፑን ይውሰድ፤ ከመክፈሉ በፊት ግን ዋቱን ይጠይቅ። ለገበያው የሚያመጣ ነጋዴም ከተለጣፊው ስም ይልቅ እነዚህን ቁጥሮች ጽፎ ዕቃው ላይ ቢለጥፍ የሚመለስበት ዕቃ ይቀንስለታል፤ ደንበኛውም ተመልሶ የሚመጣው ለመግዛት እንጂ ለመጨቃጨቅ አይሆንም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ ወዲያ ለቅሶው ማንንም አያበላም።