«የለበትም» ሲባል፦ አለመገደድ ወይስ መከልከል?

የሳይንስ ቋንቋ ጥንቃቄን ይሻል ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ቀመሮችና መለኪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የአንድን የፊዚክስ ሕግ ትርጉም የሚያፋልሰው አንዳንድ ጊዜ ቁጥር ሳይሆን አንዲት የአሉታ ቃል ነች። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በየገጹ የሚገኘውን «ሃቭ ቱ» የተሰኘ ግሣዊ ሐረግና አሉታው የሚያስከትለውን መደናገር ነው።

ጉዳዩ በተለይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይመለከታል። እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በዚህም መሠረት ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዲጋ የሚያድግ ልጅ ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲደርስ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጥበታል። ቃላቱን አንድ በአንድ ቢያውቃቸው እንኳ የዐረፍተ ነገሩ አሉታ በየት በኩል እንደሚያርፍ ካላወቀ የተባለውን ሳይሆን ያልተባለውን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ሁለቱ አሉታዎች

በእንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ቱ ጎ» እና «ሂ መስት ጎ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ሁለቱም በግርድፉ «መሄድ አለበት» ማለት ናቸው። አሉታ ሲገባባቸው ግን መንገዳቸው ይለያያል። «ሂ መስት ኖት ጎ» ማለት እንዳይሄድ ተከልክሏል ማለት ነው። «ሂ ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ጎ» ደግሞ መሄዱ ግዴታ አይደለም፣ ቢፈልግ ይሂድ፣ ባይፈልግ ይቅር ማለት ነው። የመጀመሪያው ድርጊቱን ሲያግድ ሁለተኛው ግዴታውን ብቻ ያነሣል።

ልዩነቱን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። 3ን በራሱ አባዝተን ከዚያ በኋላ የነጌቲቭ ምልክት ብናደርግበት ውጤቱ ነጌቲቭ 9 ይሆናል። አስቀድመን ነጌቲቭ 3 ካደረግነው በኋላ በራሱ ብናባዛው ግን ውጤቱ ፖዘቲቭ 9 ነው። ቁጥሩም ምልክቱም አንድ ናቸው፤ የተለየው ቅደም ተከተላቸው ነው። አሉታና ግዴታም እንዲሁ ናቸው፦ «ግዴታ አይደለም» እና «አለማድረግ ግዴታ ነው» የተለያዩ አባባሎች ናቸው። ይህንን አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት «ስለ ትርጓሜ» በተሰኘው ድርሳኑ አስረድቷል። «ይሆን ዘንድ ግድ ነው» ለሚለው ተቃራኒው «ይሆን ዘንድ ግድ አይደለም» እንጂ «እንዳይሆን ግድ ነው» አይደለም ይላል።

የእኛ ቋንቋዎች ምን ያደርጋሉ?

አማርኛችን «ዕዳ አለበት» እና «መሄድ አለበት» ሲል አንዱን ግሥ ይጠቀማል። «ዕዳ የለበትም» ስንል ዕዳው አለመኖሩን መናገራችን ነው። በዚሁ ስሌት «መሄድ የለበትም» የመሄድ ግዴታ አለመኖሩን ሊገልጽ በተገባ ነበር። ነገር ግን ጆሯችን የሚሰማው ባብዛኛው ክልከላን ነው፦ «እንዳይሄድ!» «የግድ» የሚል ቃል ስንጨምርበት ብቻ፣ «የግድ መሄድ የለበትም» ሲባል፣ ትርጉሙ ወደ አለመገደድ ይዞራል።

አፋን ኦሮሞም በዚሁ መንገድ ይጓዛል። «ሎን ቀባ» ከብት አለው፣ «ሎን ሂን ቀቡ» ደግሞ ከብት የለውም ማለት ነው። «ዴሙ ቀባ» መሄድ አለበት ሲሆን «ዴሙ ሂን ቀቡ» ግን መሄድ የለበትም፣ ማለትም መሄድ አይገባውም ነው። ልብ በሉ፦ «ቀባ» እንደ እንግሊዝኛው «ሃቭ» የባለቤትነትም የግዴታም ግሥ ነው። ስለዚህ የዲጋው ተማሪ «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ» የሚለውን ቃል በቃል ሲመልስ በቀጥታ «ሂን ቀቡ» ላይ ይደርሳል፤ ፈቃዱ ክልከላ ይሆንበታል። የቃላቱ መመሳሰል ራሱ ወጥመድ ነው።

ወጥመዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመንኛ «ሙስት ኒሽት» ማለት «አትገደድም» ነው። ስለዚህ ጀርመናዊ ተማሪ ድምፁ የሚቀርበውን የእንግሊዝኛውን «መስት ኖት» ክልከላ መሆኑን ዘንግቶ እንደ ፈቃድ ሊወስደው ይችላል። እኛ ፈቃዱን ክልከላ ስናደርገው እርሱ ክልከላውን ፈቃድ ያደርገዋል።

በፊዚክስ ላይ የሚያስከትለው

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው የመጀመሪያ ሕግ መሠረት በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል በቋሚ ፍጥነት ለመቀጠል የሚገፋው ኃይል የግድ አያስፈልገውም። ይህ በእንግሊዝኛ በ«ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ» ሲጻፍ ተማሪው «ምንም ኃይል ሊያርፍበት አይገባም» ብሎ ቢረዳው፣ ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሜዳማ መንገድ በቋሚ ፍጥነት የሚጓዘው አውቶቡስ ሕጉን የሚጥስ ይመስለዋል። አውቶቡሱን ሞተሩ በእርግጥ እየገፋው ነው። ነገር ግን ሰበቃና የአየር ግጭት በእኩል መጠን ወደ ኋላ ስለሚይዙት የተጣራው ኃይል ዜሮ ነው። ሕጉ የሻረው የግፊትን ግዴታነት እንጂ ግፊትን አይደለም።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። ለመጓዝ አስተላላፊ አካል አያስፈልገውም። ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ባዶ ሕዋ በ8 ደቂቃ ገደማ ያቋርጣል። ይህ ማለት ግን በአካል ውስጥ አያልፍም ማለት አይደለም። የዴዴሳን ወንዝ ውኃ ሲነካ በሰከንድ ከ300,000 ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉዞውን ይቀጥላል።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ከፈተና ውጤት ያልፋል። አሚተር በቀጥታ ከባትሪ ጫፎች ጋር እንዳይገናኝ መመሪያው በ«መስት ኖት» ሲያዝዝ፣ ይህንን «ግድ አይደለም» ብሎ የተረዳ ተማሪ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ምክንያቱም አሚተር ውስጣዊ ተቃውሞው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የሚያልፍበት ኮረንት ይበዛል። በመድኃኒት ወረቀት ላይም «ከምግብ ጋር መወሰዱ ግድ አይደለም» የሚለው «ከምግብ ጋር አይወሰድም» ተብሎ ቢነበብ፣ ባዶ ሆዱን የሚያመው ሰው ያለ ምክንያት ይሠቃያል።

መፈተኛው

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አሉታዊ መመሪያ ባነበብን ቁጥር አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ቢያደርገውስ ያጠፋል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ክልከላ ነው፤ «የለም» ከሆነ ግዴታው መነሣቱ ነው። መምህራንም «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ»ን ሲያስረዱ «የለበትም» ከማለት ይልቅ «አያስፈልገውም» ወይም «ግዴታ አይደለም»፣ በአፋን ኦሮሞም «ድርቀመ ሚቲ» ቢሉ ጥርጣሬው ይወገዳል።

የትርጉም ሥራ ለወለጋ እንግዳ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ከታተመ በኋላ፣ ወደ ነቀምት መጥተው አስተምረዋል፤ ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው ነው። የዛሬው የ9ኛ ክፍል ተማሪም በየክፍለ ጊዜው ያለ ረዳት በአእምሮው ይተረጉማል። ይህንን ሥራውን አውቀንለት ልናግዘው ይገባል።